መልስ፦ በተሰበረ አከርካሪ ውስጥ ስለሚገባ ሲሚንቶ
በአጥንት መሳሳት አከርካሪያቸው የተሰበረው እናትዎ ሐኪሙ እንዳለው ሲሚንቶ በመርፌ ቢገባላቸው ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ሕክምናው በፈረንሳይ በ1984 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፣ ሐኪሙ በኤክስሬይ ምስል እየተመራ በጀርባ በኩል ባስገባው መርፌ ፈሳሹን ሲሚንቶ ወደ ተሰበረው አጥንት ይጨምራል፤ እሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል። (የግንበኛው ሲሚንቶ ግን አይደለም፤ አክሪሊክ የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው።) ይሁን እንጂ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ጥናቶች ከማስመሰያ ሕክምና (ሲሚንቶ ሳይገባ እንደገባ ተደርጎ ከሚሰጥ) ጋር አነጻጽረውት በሕመም ማስታገስ ረገድ ጉልህ ልዩነት ስላላገኙ፣ ብዙው ስብራትም በማስታገሻና በጥንቃቄ በሚደረግ እንቅስቃሴ በሳምንታት ውስጥ ስለሚሻለው፣ እኔ ብሆን አልቸኩልም። አስቀድመው ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ቢነሡ ስብራቱ አዲስ ይሁን የቆየ ይለያል፤ የቆየ ከሆነ የሕመሙ መነሻ ሌላ ሊሆን ይችላል። እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ሽንታቸውን መቆጣጠር ካቃታቸው ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።