ጥያቄና መልስ፦ «አንጀቴን በላው» ስንባል አንጎላችን ምን ያደርጋል?

ስለ አንጎልና ስለ ቋንቋ የተላኩልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ግን ትንሽ ያስኬደናል።

ጥያቄ፦ «የልጁ ነገር አንጀቴን በላው» ስባል፣ አንጎሌ መጀመሪያ ስለ እውነተኛ መብላት አስቦ ነው ወደ ስሜቱ የሚሄደው?

መልስ፦ ድሮ እንደዚያ ይታሰብ ነበር። ቀጥተኛው ፍቺ ይቀድማል፣ እሱ አላስኬድ ካለ ዘይቤው፣ ማለትም ከቃሉ ጀርባ ያለው ፍቺ፣ ይፈለጋል ይባል ነበር። በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሳም ግሉክስበርግና ባልደረቦቹ ይህን ፈተኑት። ሰዎች አረፍተ ነገር እያነበቡ፣ ቃል በቃል ሲወሰድ እውነት ወይም ሐሰት ነው ብለው ቶሎ መመለስ ነበረባቸው። «አንዳንድ ሥራ እስር ቤት ነው» የሚለው ቃል በቃል ሐሰት ነው። ግን «ሐሰት» ለማለት ዘገዩ። ማንም ዘይቤውን ፈልጉ አላላቸውም፣ ሳይጠሩት መጥቶ መንገድ ዘጋባቸው።

ጥያቄ፦ ዘይቤ የቀኝ አንጎል ሥራ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ። ወሬው መነሻ አለው። በ1977 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤለን ዊነርና ሃዋርድ ጋርድነር «ከባድ ልብ» (ያዘነ ልብ ማለት ነው) የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ቀኝ አንጎላቸው ለተጎዳ ሰዎች ሰጥተው፣ የሚስማማውን ሥዕል አስመረጧቸው። ብዙዎቹ ትልቅ ልብ ተሸክሞ የሚንገዳገድ ሰው ላይ ጠቆሙ። ሲጠየቁ ግን አባባሉን በቃል በደንብ ያብራሩት ነበር! ይህኛው ክፍል ሲወራ አይሰማም። ከዚያ ወዲህ በተነሱ የአንጎል ምስሎች ደግሞ የግራው አንጎል የፊት ክፍል ዘይቤ ሲነበብ በርትቶ ሲሠራ ታይቷል። ስለዚህ «እኔ የቀኝ አንጎል ሰው ነኝ» የሚለውን ጨዋታ እርሱት።

ጥያቄ፦ «ደግ ንግግር» ከሚለው ይልቅ «ጣፋጭ ንግግር» የሚለው የበለጠ የሚነካኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ፍራንቼስካ ሲትሮንና አዴል ጎልድበርግ በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎች መመርመሪያ ማሽን ውስጥ ተኝተው በጀርመንኛ ጥንድ አረፍተ ነገሮች አነበቡ። ልዩነቱ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ በአንዱ የጣዕም ቃል፣ በሌላው ቀጥተኛው። የጣዕሙ ቃል ሲነበብ ጣዕም የሚለዩት የአንጎል ክፍሎች ነቁ። ከስሜት ጋር የሚያያዘው አሚግዳላም አብሮ ነቃ። በ2012 በወጣ ሌላ ጥናትም «ሻካራ ቀን» (አስቸጋሪ ቀን ለማለት) ዓይነት የእንግሊዝኛ አባባሎች በእጅ ዳሰን ልስላሴና ሻካራነት የምንለይበትን ክፍል ቀስቅሰዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። አንድ ክፍል ነቃ ማለት ያለ እሱ ቃሉ አይገባንም ማለት አይደለም። ብዙ ዜና ይህችን ልዩነት ይዘላታል።

ጥያቄ፦ አዲስ ዘይቤና የተለመደ ዘይቤ እኩል ያደክማሉ?

መልስ፦ አይ። «የጠረጴዛ እግር» ስንል ማን እግር ያስባል? አዲስ ሲሆን ግን ሁለቱን ነገሮች ማነጻጸር ግድ ነው፣ ያ ጉልበት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ስሰደብ ብዙም አያመኝም። ችግር አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። በ2003 የወጣ ጥናት እንግሊዝኛን ዘግይተው የለመዱ የቱርክኛ ተናጋሪዎችን ቆዳ ለካ። ስንደነግጥ በጥቂቱ ያልበናል፤ የሚለካው ያ ነው። በልጅነት የሚሰሙት ዓይነት ቁጣ በቱርክኛ ሲመጣ ቆዳቸው ይበልጥ መለሰ። የአፍ መፍቻ ቋንቋን የተማርነው ከነቁጣው፣ ከነማባበሉ ነው። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን ያገኘነው ከደብተር።

ጥያቄ፦ አባቴ ከስትሮክ በኋላ መናገር አቅቷቸዋል፤ ስድብ ግን ጥርት ብሎ ይወጣቸዋል። አፍረናል።

መልስ፦ አይፈሩ። ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ጽፎታል። አስበን የምናዋቅረው ንግግር በአብዛኛው የግራ አንጎል ሥራ ነው። ስድብ፣ ሰላምታና ቆጠራ ግን እንደ ልማድ ስለሚወጡ፣ ቀኙ አንጎልና ከሥር ያሉት ክፍሎችም ይረዷቸዋል። አባትዎ መርጠው አይደለም። የሚያውቁትን መዝሙር ወይም ዘፈን አብረዋቸው ይሞክሩ፤ መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ሰዎች ግጥሙን ከዜማው ጋር ያወጡታል። ከሆነላቸው ለንግግር ሕክምና ባለሙያው ይንገሩት፣ ከዚያ የሚነሳ ልምምድ አለ።