ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጄ ላይ ክትባት አላበዙበትም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። ልጄ የአሜሪካ ጦር ገብቶ ሥልጠና ጀምሯል። ገና ከመድረሱ ሁለቱንም ክንዱን ወጉት፤ ኪኒንም አስዋጡት። የልጅነት ክትባቱን ጨርሷል። የድሮ ወታደር ይህ ሁሉ ሳይደረግለት ይዋጋ አልነበር?

መልስ፦ ይዋጋ ነበር። ግን ከጥይት ይልቅ በሽታ ነበር የሚጨርሰው።

የዚሁ ጦር የመጀመሪያ አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተን ነገሩን በፈንጣጣ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1775 መጨረሻ ወታደሮቹ ካናዳ ዘምተው ኩቤክን ከበቡ። ፈንጣጣ ሰፈሩ ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ሲያፈገፍጉ ጄኔራል ጆን ቶማስ በዚሁ በሽታ ሞተ። ሐኪም ነበር፤ ሙያው ግን አላዳነውም። ጠላቶቻቸው ከነበሩት ከእንግሊዞቹ ግን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ታመው ስለዳኑ ዳግም አይዛቸውም።

በ1777 መጀመሪያ ዋሽንግተን ወታደሩ እንዲከተብ አዘዘ። የዛሬው ዓይነት ክትባት እንዳይመስልዎ። ከታማሚ ቁስል መግል ይወሰድና የጤነኛው ክንድ ተጭሮ እዚያ ይገባል። በአገራችንም ይህ ዘዴ ይታወቅ ነበር። ሰውየው የእውነት ፈንጣጣ ይይዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይቀልለታል። በራሱ የመጣ ፈንጣጣ ከመቶ ሰው እስከ 30 ይገድላል፤ በዚህ መንገድ የሚሞተው አንድ ቢበዛ ሁለት ነው። ጣጣው፣ የተከተበው ለሳምንታት ይተኛል፤ ለሌላውም ያስተላልፋል። ስለዚህ በየተራ፣ ተገልለው፣ ጠላት ሳይሰማ ተከተቡ። እኔ ብሆን ያንን ትእዛዝ ለመፈረም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ከየግዛቱ የመጡ ወጣቶች አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲያድሩ ማጅራት ገትር በቀላሉ ይዛመታል። ኪኒኑ የአዴኖቫይረስ ክትባት ይመስለኛል። ይህ ቫይረስ ሠልጣኞችን በትኩሳትና በሳል የሚጥል ነው። ክትባቱ በአሜሪካ የሚሰጠው ለወታደር ስለሆነ በልጅነቱ ሊወስደው አይችልም። ለአንድ ወር ያህል ቫይረሱ በሰገራው ሊወጣ ስለሚችል ከመጸዳጃ ሲወጣ እጁን በሳሙና በደንብ ይታጠብ። ብዙ ክትባት በአንድ ቀን መውሰድ ጉዳት የለውም።

የልጅነት ክትባት ካርዱ እርስዎ ጋ ካለ ፎቶ አንስተው ይላኩለት፤ የማያስፈልገውን እንዲዘሉለት ይረዳል። ክንዱን ቢያመው፣ አንድ ሁለት ቀን ቢያተኩሰው አይደንግጡ። ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ወዲያው ለአሠልጣኙ ይንገር። «ፈሪ ይሉኛል» ብሎ ዝም እንዳይል አደራ ይበሉት።