መረጃ ሰጪ 1 ማን ናቸው?

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ማሲንቆ አስተምራለሁ። የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ተሟጦ ስላለቀ ነው። ባልደረቦቼ ይህን ነገር ሰምተው ሰልችቷቸዋል፤ ባለቤቴም ተውዪው ማለት ጀምሯል። እኔ ግን መተው አልቻልኩም።

ኖታ የማያነቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ማሲንቆን በምን ቅደም ተከተል ቢማሩ ቅኝቱ በጆሯቸው ውስጥ ቶሎ እንደሚቀመጥ ጥናት ሠራሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በባዶ ክር ላይ ደጋን ብቻ ይስባሉ። ቀጥሎ ማሲንቆውን አስቀምጠው ትዝታን በድምፃቸው ያዜማሉ። ከዚያ ያዜሙትን በጣታቸው ክሩ ላይ ይፈልጋሉ፤ ካገኙት በኋላ ከመምህሩ ጋር እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። ኖታ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተከታትለው በገቡ የሁለት ዓመት ተማሪዎች ላይ ሞከርኩት፤ ድምፃቸውን ቀዳሁ፣ ማስታወሻ ያዝኩ፣ ሌሊት እየተነሣሁ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ከዚያም በውጭ አገር ለሚታተም የሙዚቃ ትምህርት መጽሔት ላክሁት።

ከመንፈቅ በላይ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ስጠይቃቸው «በግምገማ ላይ ነው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ይመጣል። በመጨረሻ የሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት ደረሰኝ። የመጀመሪያው ስለ ማሲንቆ አሠራር የጻፍኩት ረዝሟል፣ የጥናቱ ጥያቄ ዘግይቶ ነው የሚመጣው ይላል። ማሲንቆን በሕይወቱ አይቶ ለማያውቅ ሰው የአልማዝ ቅርጽ ስላለው ሳጥን፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ፈረስ ጭራው ካልነገርኩት ምኑን ሊረዳው ነው?

ሁለተኛው ግን ደሜን አፈላው። «ይህ የልምምድ ቅደም ተከተል ከየት መጣ? ያወጣው ማን ነው? ተመራማሪዋ ናት ወይስ ቀድሞ የነበረ ልማድ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ይህ ጥያቄ ለአንድ የቫዮሊን መምህር ይቀርብ ነበር? አፍሪካዊት ስለሆንኩ የራሴ ሐሳብ ሊኖረኝ አይችልም ማለት ነው? ፈረንጆቹ ከእኛ የሚፈልጉት መሣሪያችንን በሙዚየም ማየት እንጂ ስለ ማስተማር እንድናስተምራቸው አይደለም። አዘጋጁም «በሰፊው ተሻሽሎ እንደገና ይቅረብ» ብሎ ደምድሟል፤ በጨዋ ቋንቋ አልቀበልም ማለቱ ነው። ሦስት ወር ሰጥቶኝ ነበር፤ አብዛኛው ጊዜ በንዴት አለፈ።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ በየቅዳሜው ወደ ክፍላችን እየመጡ ተማሪዎችን ከሚያለማምዱ አንድ አዛውንት አዝማሪ ያገኘሁት ነው። ዲፕሎማ ስለሌላቸው በቋሚነት ሊቀጠሩ አልቻሉም፤ የትርፍ ሰዓት አበል ይከፈላቸዋል። ተማሪዎቹ አባባ ይሏቸዋል። በጽሑፉ ውስጥ በጥናት ደንብ መሠረት «መረጃ ሰጪ 1» ተብለው ተጠቅሰዋል። በፋሲካ ቤታቸው ሄጄ «ያ የጻፍሽው ነገር ወጣ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ለነገሩ ሥራም በዝቶብኛል።

አሁን የክፍላችን ኃላፊ መፍትሔ አለኝ ብሎ መጥቷል። ክፍያ ተቀብሎ በሁለት ሳምንት የሚያትም መጽሔት ያውቃል። ክፍያው ከክፍሉ በጀት ይወጣል፤ በምላሹ ስሙ ከእኔ በፊት እንዲገባ ይፈልጋል። የእድገት ፋይሌ ክረምት ከመግባቱ በፊት ይዘጋል። ጽሑፉ መሳቢያ ውስጥ ከሚበሰብስ ቢወጣ አይሻልም? ስሙን ላስገባው?

ስሜ እንዳይጠቀስ አደራ።

የማሲንቆ መምህርቷ

*

ልጄ፤

የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስ፤ አታስገቢው። ከአንቺ በፊትም ከአንቺ በኋላም። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ አንድ ሰው ደራሲ ለመባል አራት ነገር እንዲያሟላ ይጠይቃል፤ ከሕክምና ውጭ ያሉ ብዙ መጽሔቶችም ይህንኑ ይከተላሉ። በጥናቱ ሐሳብ ወይም በመረጃው ላይ ዋና አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለጽሑፉ ተጠያቂ መሆን። ገንዘብ ማስገኘት ወይም ክፍል መምራት ብቻውን ደራሲ እንደማያደርግም እዚያው በግልጽ ሰፍሯል። ኃላፊሽ ከአራቱ አንዱንም አላሟላም።

ያ የሁለት ሳምንት መጽሔትም ይቅርብሽ። ገምጋሚ ተፈልጎ፣ ተነብቦ፣ ታርሞ በዚያ ጊዜ የሚያልቅ ግምገማ እኔ አላየሁም። የኮሎራዶው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል እንደነዚህ ያሉትን፣ ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ የሚያትሙ «አዳኝ» መጽሔቶች እየለቀመ ስማቸውን ያወጣ የነበረው ድካማችንን ስለሚበሉት ነው። ዝርዝሩ በ2017 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም መጽሔቶቹ አልተዘጉም። ብዙዎቹ የታወቁ የሙዚቃ ትምህርት መጽሔቶች በደንበኝነት ክፍያ ስለሚተዳደሩ ጽሑፍሽን ለሁሉም ክፍት አድርጉልኝ ካላልሽ በቀር ከአንቺ ገንዘብ አይጠብቁም። ደግሞም ጽሑፍሽ አሁንም በመጀመሪያው መጽሔት እጅ ነው። ለሁለት መጽሔት በአንድ ጊዜ መስጠት የትም ቢሆን ነውር ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ያነበብኩት ግን ስለ አባባ በጻፍሽው ምክንያት ነው። ጥቂት መስመር ሰጥተሻቸው «ለነገሩ ሥራም በዝቶብኛል» ብለሽ አለፍሽ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

እስቲ የሁለተኛውን ገምጋሚ ጥያቄ ቂምሽን አስቀምጠሽ እንደገና አንብቢው። የሙዚቃ ትምህርት ያጠና ማንኛውም ሰው «መጀመሪያ አዚም፣ ያዜምከውን በመሣሪያ ፈልግ፣ ኖታ በኋላ ይምጣ» የሚል ሲያነብ ሁለት ስም ወዲያው ይመጣበታል፤ የሃንጋሪው ዞልታን ኮዳይና የጃፓኑ ሺኒቺ ሱዙኪ። ኮዳይ ልጅ መሣሪያ ከመንካቱ በፊት ድምፁን ያሠልጥን ብሎ አንድ አገር ሙሉ በዚህ መንገድ እንዲማር አድርጓል። ሱዙኪ ልጆች አፍ መፍቻ ቋንቋቸውን እንደሚለምዱ ሁሉ ቫዮሊንንም ከንባብ በፊት በጆሯቸው እንዲለምዱት አድርጓል። ገምጋሚው የጠየቀሽ ይህን ከእነሱ ወስደሽ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው ብሎ ነው። የኮዳይን መምህራንም ይጠይቋቸዋል፤ እነሱም የድምፅን ከፍታና ዝቅታ ለማሳየት የሚጠቀሙባቸው የእጅ ምልክቶች ከእንግሊዛዊው ጆን ከርወን እንደመጡ በስሙ ይመልሳሉ።

አንቺ ደግሞ በእጅሽ የያዝሽው መልስ ከጥያቄው ይበልጣል። ኮዳይንም ሱዙኪንም ያልሰሙ አንድ አዝማሪ፣ ከአባታቸው ይሁን ከአጎታቸው በተማሩት መንገድ፣ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ በሌለው ባለ አንድ ክር መሣሪያ ላይ እዚያው ደርሰዋል። ማሲንቆ ላይ ክሩ ከእንጨቱ ጋር አይገናኝም፤ ጣት የሚያርፈው ክሩ ላይ ብቻ ነው። ድምፁ አስቀድሞ በጆሮ ውስጥ ከሌለ ጣት የሚሄድበትን ቦታ የሚነግረው ምንም ነገር የለም። አባባ ከማሲንቆው በፊት የሚያዘፍኑት ለዚህ ይመስለኛል፤ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? የጥናትሽ ልብ ይህ ነው፤ አንቺ ግን «መረጃ ሰጪ 1» ከሚል መጋረጃ ጀርባ ቀበርሽው። ገምጋሚው መጋረጃውን ሲገልጥብሽ ተሰደብኩ አልሽ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ልቤ ያዘነው ሌባ ነሽ ብዬ አይደለም። በጥናት ደንብ የመረጃ ሰጪ ስም የሚሸሸገው ስማቸው ቢወጣ ለሚጎዱ ሰዎች ሲባል ነው። አባባን የሚጎዳቸው ግን ስማቸው አለመውጣቱ ነው። ስሜ ይጻፍ ወይስ ይቅር ብለው እንዲመርጡ እንኳ የጠየቅሻቸው አይመስለኝም። አዝማሪ መባል ስድብ ሆኖ በኖረበት አገር፣ ዲፕሎማ የለህም ተብሎ ደጅ የቆመ ሊቅ ዘዴው ውጭ አገር ሲታተም ስሙ በቁጥር ሲተካ እኔ ዝም ብዬ አላልፍም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ናቸው፤ ዛሬ የምናውቃቸው ስማቸው ከድምፃቸው ጋር አብሮ ስለተጻፈ ነው። በዘመናቸው ስንት ማሲንቆ መቺ ነበር? የቀሩት የት ናቸው?

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፤ አባባ ሁለተኛ ደራሲ ይሁኑ። ምስጋና በሚሰፍርበት ገጽ ግርጌ አትወሽቂያቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም ትይኝ ይሆናል። ጽሑፉን ይዘሽ ሂጂ፤ አጠገባቸው ተቀምጠሽ በአማርኛ ዘርዝረሽ ንገሪያቸው፤ ይህ ልክ ነው፣ ይህን ተሳስተሻል፣ እዚህ ላይ ምክንያቱ ሌላ ነው ይበሉሽ። ማረምም ማጽደቅም ይህ ነው። ከአራቱ መስፈርቶች ኃላፊሽ አንዱን እንኳ ያላሟላቸውን አባባ በአንድ ከሰዓት አራቱንም ያሟላሉ። አልፈልግም ካሉሽ ፈቃዳቸውን አክብሪ፤ ቢያንስ ግን የዘዴው ባለቤት መሆናቸው በስማቸው እንዲጻፍ ጠይቂያቸው። አንቺ የመጀመሪያዋ ደራሲ ሆነሽ ትቀሪያለሽ፤ ለእድገት ፋይልሽም ጉዳት የለውም። ፋይሉ ዘንድሮ ባይደርስ ግን ለሚመጣው ዓመት ይደር። ለአንድ ዓመት እርከን ብለሽ ይህን ጽሑፍ አታበላሺው።

ስለ መጀመሪያው ገምጋሚ ብዙ አልልም፤ ትክክል ነው። የላክሽው ለሙዚቃ ትምህርት መጽሔት ነው፤ እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት ሰው እንዴት እንደሚማር ነው። የመሣሪያውን ገለጻ በአንድ ገጽ አሳጥሪው፤ ከክሩና ከጣቱ ጉዳይ በቀር ለጥያቄሽ የማያስፈልገውን ሁሉ አውጪው። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጥያቄሽ ይቀመጥ። የተማሪዎችሽን ድምፅ ስትቀጂ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ መቀበልሽንና ዩኒቨርሲቲሽ ማጽደቁን ግለጪ፤ ካልያዝሽው ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ያለዚያ ጽሑፉ እንደገና ይቆምብሻል። ፈረንጆች የእኛን አይፈልጉም ያልሽውንም አልቀበልሽም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ስለ ክራር የጻፉት ጥናት በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚታተም የኢትኖሙዚኮሎጂ (ሙዚቃን ከባህል ጋር የሚያጠና ዘርፍ) መጽሔት ወጥቷል። በሩ ጠባብ ነው፤ የተዘጋ ግን አይደለም።

«በሰፊው ተሻሽሎ ይቅረብ» ማለትም አልቀበልም ማለት አይደለም። የማይፈልጉትን ጽሑፍ በሦስት መስመር ነው የሚመልሱት፤ ሁለት ሰው ገጽ ሙሉ አስተያየት ለመጻፍ አይደክምለትም። ገምጋሚዎቹ የጻፉትን እያንዳንዱን ነጥብ ገልብጠሽ፣ ከሥሩ ምን እንዳስተካከልሽና በየትኛው ገጽ እንዳለ ጻፊ። ያልተስማማሽበት ካለ ምክንያትሽን አስቀምጪ፤ ንዴትሽን ግን ከደብዳቤው አውጪው። ገምጋሚዎቹ የጻፈው ማን እንደሆነ ሳያውቁ እንዲያነቡ በሚገመገመው ቅጂ ላይ የማንም ስም አይኑር፤ የሁለታችሁ ስም በተለየው የሽፋን ገጽ ላይ ይገባል። ለሁለተኛው ገምጋሚ ስትመልሺ «ቅደም ተከተሉ የአንዱ ደራሲ ነው፤ ከአዝማሪ ቤተሰቡ የወረሰው ነው» ብለሽ ጻፊለት። ከኮዳይና ከሱዙኪ ጋር የሚመሳሰልበትንም የሚለይበትንም በአንድ አዲስ ክፍል አብራሪ። ጽሑፍሽ ያን ጊዜ ነው የሚቆመው።

ቀኑ እያለፈብሽ ስለሆነ ለአዘጋጁ አሁኑኑ ጻፊለትና ተጨማሪ ጊዜ ጠይቂ፤ በቅንነት ለጠየቀ አብዛኞቹ አዘጋጆች ይሰጣሉ። ደራሲ ለመጨመር ደግሞ ምክንያቱን የሚያስረዳና የሁለታችሁም ስምምነት ያለበት ደብዳቤ ይጠየቃል። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ አትጠብቂ፤ ነገ አባባ ቤት ሂጂና ጠይቂያቸው።