መልስ፦ ጂን ዝም ማሰኘት የፕሮስቴት ካንሰርን ስርጭት ይገታል?

«አባቴ ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ ጀምሯል፤ ጂን ዝም የሚያሰኘው ሕክምና ካንሰሩ እንዳይሰራጭ አያደርግም ወይ?» ብለሻል። ላብራቶሪ ውስጥ አዎ። ሐኪም ቤት ግን ገና ነው።

ጂኑ ራሱ አይነካም። ሴሉ ፕሮቲን ለመሥራት ከጂኑ የሚገለብጠው መልእክት አለ፤ ኤምአርኤንኤ ይባላል። 21 ፊደል ገደማ ያላት ቁራጭ አርኤንኤ ትገባና ከመልእክቱ ጋር ትገጥማለች። ከዚያ የሴሉ የራሱ መቀስ መልእክቱን ይቆርጠዋል። ሳይንቲስቶቹ ፋየርና ሜሎ አርኤንኤ ጂንን ዝም እንደሚያሰኝ በትል ላይ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2006 ኖቤል ወሰዱ። ካንሰሩ ተነቅሎ እንዲጓዝ የሚረዳው ፕሮቲን ካልተሠራ፣ ሴሉ ባለበት ይቀራል ነው ሐሳቡ።

ጣጣው ማድረሱ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ደም ውስጥ ሲገቡ በብዛት ጉበት ላይ ያርፋሉ። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈቀደው ፓቲሲራን የተባለው መድኃኒትም የሚሠራው እዚያው ነው፤ ለካንሰርም አይደለም። የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ መሄድ የሚወደው ወደ አጥንት! በተቀራራቢ ዘዴ ክላስተሪን የተባለውን ፕሮቲን ለመቀነስ የተሠራው ኩስቲርሰን ትልቅ ሙከራ ላይ ዕድሜ አላራዘመም። እኔ ብዙ ጠብቄበት ነበር፤ አበሸቀኝ።

አባትሽ ይህን ብለው መርፌውን እንዳያቋርጡ። የሚገቡበት የምርምር ሙከራ ካለ ሐኪማቸውን ጠይቂ።