«ያምራል» ያሉኝን ልመን ወይስ «ምንም አይልም» ያለኝን?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የጅማው ፎቶ አንሺ መልሶች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ፎቶ አነሣለሁ። አብሬ የላክሁልዎትን ያነሣሁት ባለፈው ኅዳር ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማድረቂያ ቦታ ነው። ያሳየኋቸው ሁሉ «በጣም ያምራል» አሉኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ «ምንም አይልም» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ማንን ልመን? (ከሂርማታ)

መልስ፦ ማንንም አትመን። ሁለቱም ወገኖች ስለ ፎቶው የነገሩህ ነገር የለም። «ያምራል» ያሉህ አንተን አክብረው ነው፤ የቀረበልንን ቡና ቢቀጥንም «ጥሩ ነው» ብለን የምንጠጣ ሰዎች ነን። ባልደረባህ ደግሞ ምን እንደጎደለ ሳይናገር ፈረደ። ጥፋቱ ግን ከጥያቄህ ይጀምራል። «እንዴት ነው?» ብሎ ስልኩን ለዘረጋ ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል?

ይልቅ «ዓይንህ መጀመሪያ ያረፈው የት ነው? ከዚያስ ወዴት ሄደ?» ብለህ ጠይቅ። ይህን ለመመለስ የፎቶ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ይሉኝታም አያስይዝም። ምን ለማሳየት እንደፈለግህ ቀድመህ አትናገር፤ ለራስህ በወረቀት ጽፈህ ያዘውና ከመልሳቸው ጋር አስተያየው። የምታሳየውም አንድ ወይም ሁለት ፎቶ ይሁን። ሠላሳ ፎቶ በጣቱ እየገፋ የሚያይ ሰው አንዱንም አላየም።

አሁን የእኔን ስማ። የእኔ ዓይን በቅድሚያ የሄደው በግራ ጥግ ወደ ተቀመጠው ባዶ ነጭ ማዳበሪያ ነው። ቡናውን የሚለቅሙት ሴቶች ጋ የደረስሁት ከእሱ በኋላ ነው። ዓይን ወደ ደመቀው ይሮጣል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ብትል ማዳበሪያው ከፎቶው ይወጣ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከፊት ያለችው ሴት ፊቷ ከሻሿ ሥር ጠቁሮ ጠፍቷል። ጥላዋ እግሯ ሥር ተሰብስቧልና ያነሣሃት 6 ሰዓት ግድም መሆን አለበት። በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ከአናት እየወረደ የዓይንን ጉድጓድ በጥላ ይሞላል። በዚያ ላይ ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ 18 በመቶ ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ግራጫ ይቆጥረዋል። ነጭ ማዳበሪያና የነጣ ሰማይ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጨልማል፤ ዕዳው በጠይም ፊታችን ላይ ያርፋል። በስልክ የምታነሣ ከሆነ ፊቷን በጣትህ ንካና አጠገቡ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፋው። ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ፤ ሰው ሰማይ ሊያይ አልመጣም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጠዋት የሌሊቱ መሸፈኛ ከቡናው ላይ ሲገለጥ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መመለስ ነው።

ሦስተኛው ያናደደኝ ነው። የእሸት ቡናውን ቀይ ቀለም በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አጋንነኸዋል። ቀይ ሲጋነን ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ፍሬና ፍሬ መለየት አቅቶኝ ቡናው የተሰጣበት አልጋ ሁሉ አንድ ወጥ ቀይ ሆኖብኛል። ይህን ሌላ አገር ብታሳየው ይደነቅልህ ይሆናል። ጅማ ላይ ግን ልጅ እንኳ የበሰለውን ካልበሰለው ይለያል።

ይህን ሁሉ ያልሁህ ፎቶው ውስጥ ሌላ ፎቶ ስላለ ነው። በቀኝ በኩል ያለችው ለቃሚ አንድ አረንጓዴ ፍሬ በሁለት ጣቷ ይዛ እጇን አንሥታለች። የእኔ ዓይን የቆየው እዚያ ነው። እሷ ጋ ቅረብ፤ በእግርህ ቅረብ እንጂ በስልኩ ማጉያ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ያለውን ምስል ቆርጦ ከማተለቅ ሌላ የሚጨምረው የለም። መጀመሪያ «አካም ጅርቱ» ብለህ ሰላምታ ስጥ፤ ሥራህን ተናገር፤ አስፈቅድ። ካነሣህ በኋላም ለራሳቸው ለለቃሚዎቹ አሳያቸው። ሥራው የእነሱ ስለሆነ እጁ ትክክለኛ መሆኑንና አለመሆኑን ከእኔ አስቀድመው ያውቃሉ።

አስተያየት ሰጪ ባጣህ ጊዜ ደግሞ ፎቶውን ገልብጠህ እየው። ፎቶ ቤት በነበረኝ ዘመን ያተምሁትን ዘቅዝቄ ግድግዳ ላይ እሰካው ነበር። ፊትና ቤት መሆናቸው ሲረሳ ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል፤ እንደ ማዳበሪያው ያለ ነገርም ወዲያው ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የሠርግ ፎቶ ማንሣት ጀምራለች። «አስተያየት ስጪኝ» ትለኛለች፤ ብዙዎቹ ግን የደበዘዙ ናቸው። እውነቱን ብነግራት እንዳታዝንብኝ ፈራሁ። (ከአጋሮ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጠይቃሻለችና ንገሪያት። ነገር ግን ለብቻችሁ ስትሆኑ እንጂ በደንበኛ ፊት አይሁን። «ደብዝዟል» ብለሽ አትተዪው፤ ምን እንደደበዘዘ ተናገሪ። ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ከሆነና ግድግዳው ጠርቶ እነሱ ብቻ ከደበዘዙ፣ የመዝጊያው ፍጥነት አንሷል፤ ካሜራው ብርሃን ሲቀበል ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ግድግዳውም አብሮ ከደበዘዘ እጇ ተንቀጥቅጧል ወይም ትኩረቱ ስቷል። ፍጥነቱ በራሱ በፎቶው ፋይል ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል፤ አብራችሁ ተመልከቱ። የሰከንድ 1/30 ከሆነ፣ ለጭፈራ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጋ 1/250 ትሞክር። አንድ ቀን ላይ ይህ አንድ ምክር ይበቃል፤ ስለ ቀለሙ በሌላ ቀን።

ነቀፌታን በሁለት ምስጋና መካከል ደብቀሽ አቅርቢ የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም። ሰሚው «ግን» እስኪመጣ እየጠበቀ ምስጋናውን አይሰማም። የወደድሽው ፎቶ ካለ ለምን እንደወደድሽው ተናገሪ፤ ከሌለ አትፍጠሪ።

ጥያቄ፦ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ቆሜ አንሥቼ ለአጎቴ ባሳየው «ሊወድቅ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከመንደራ)

መልስ፦ ካሜራህ ደህና ነው፤ አጎትህም ያየውን ነው የተናገረው። ቀርበህ ቆመህ ካሜራውን ወደ ላይ ስታንጋጥጠው ቀጥ ያሉት ምሰሶዎች ወደ ላይ እየተቀራረቡ ቤቱ ወደ ኋላ የሚዘም ይመስላል። የዚያ ቤት ውበት ደግሞ የእንጨት ሥራው ነውና ምሰሶው ሲዘም ያስታውቃል። ወደ ኋላ ራቅ በል፤ ካሜራውን ሳታንጋጥጥ ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ ከሥር የሚገባውን ትርፍ መሬት በኋላ ቁረጠው። አዲሱንም ለአጎትህ አሳየው። ካልሳቀ ተስተካክሏል።