ኦዱን ፖስትግሬስ አላስገባው ላለው ወንድሜ

ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ ኦዱን (የድርጅት ሒሳብና ሥራ ማስተዳደሪያ ፕሮግራሙን) በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ጭነሃል፤ ነገር ግን ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር ሊገናኝ ሲል «የፒር ማረጋገጫ አልተሳካም» እያለ ይመልሰዋል። አንድ ሰው ደግሞ ማረጋገጫውን ወደ «ትረስት» ቀይረው ብሎ መክሮሃል። አታድርገው! ትረስት ማለት ማንም በፈለገው ስም ያለ ይለፍ ቃል ይግባ ማለት ነው። ቁልፍ አልዞር ሲል በሩን ገንጥሎ መጣል መፍትሔ አይባልም።

ፒር የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ከዚያው ማሽን በዩኒክስ ሶኬት (በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ያለ ኔትወርክ በሚገናኙበት መስመር) የመጣውን ፕሮግራም በየትኛው የሊኑክስ ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራ ያያል፤ ስሙ ከዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም ጋር አንድ ከሆነ ያስገባዋል፣ ካልሆነ ይመልሰዋል። ስለዚህ ኦዱ በሊኑክስ ላይ የሚሠራበትን ስም ፊደል ሳትቀይር በፖስትግሬስ ውስጥም ፍጠረው። ዳታቤዝ የመፍጠር መብት ስጠው፤ የበላይ ተጠቃሚነት ግን አያስፈልገውም። በ«ፖስትግሬስ» ተጠቃሚ ስም ላስነሣው ብትል ኦዱ ራሱ ለደኅንነት ሲል እምቢ ይልሃል፤ ደግ አደረገ።

አሁን እኔን አንድ ሌሊት ሙሉ ያስቀመጠችኝን ነገር ልንገርህ። በኦዱ ማዋቀሪያ ፋይል የዳታቤዙ አድራሻ ላይ «ሎካልሆስት» (ይኸው ማሽን ራሱ ማለት ነው) ብዬ ጽፌ ነበር። ማሽኑ ያው አንድ ስለሆነ ለውጥ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም። ለካ አድራሻ ከተጻፈ ግንኙነቱ ሶኬቱን ትቶ በኔትወርክ በኩል በ5432 ፖርት ይገባል፤ ለእሱ ደግሞ በፖስትግሬስ የማረጋገጫ ፋይል (pg_hba.conf) ውስጥ የራሱ መስመር አለው፣ የይለፍ ቃልም ይጠይቃል። እኔ እስኪነጋ ስደልዝና ስመልስ ያደርኩት የሶኬቱን መስመር ነበር! ኦዱና ፖስትግሬስ በአንድ ማሽን ላይ ካሉ አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም ባዶ ተዋቸው። በተለያየ ማሽን ላይ ከሆኑ ግን ጠንካራ የይለፍ ቃል ስጥ፣ ማረጋገጫውን ስክራም (የይለፍ ቃሉን ራሱን በኔትወርክ ሳይልክ የሚያረጋግጥ ዘዴ) አድርግ፣ 5432ንም ለኦዱ ማሽን ብቻ ክፈት።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። ፖስትግሬስ ሲጫን ለጋራ ማኅደረ ትውስታ (shared_buffers) የሚይዘው 128 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ለዳታቤዝ ብቻ በተመደበ ማሽን ላይ የራሙን ሩብ ያህል ስጠውና ፖስትግሬስን እንደገና አስነሣው።

ያልጠየቅኸኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ መጠባበቂያ ቅጂ። የፖስትግሬስ ቅጂ ሠንጠረዦቹን ይይዛል እንጂ ከሰነዶች ጋር የተያያዙትን ፋይሎች አይዝም፤ ኦዱ እነሱን የሚያስቀምጠው «ፋይልስቶር» በሚባል አቃፊ ውስጥ ነው። ይህን ሳላውቅ አንድ ሰርቨር ያዛወርኩ ጊዜ የሒሳቡ ቁጥር ሁሉ በትክክል መጣ፤ የተቃኙት ደረሰኞች ግን አንዳቸውም አልተከፈቱም። አሮጌውን ዲስክ ገና ስላላጠፋሁት ነው የተረፍኩት። ስለዚህ ዳታቤዙንም ፋይልስቶሩንም በተመሳሳይ ጊዜ ቅዳ፤ ከዚያም በሌላ ማሽን ላይ መልሰህ ካለፈው ዓመት አንድ ደረሰኝ ክፈት። ካልተከፈተ ቅጂ አለኝ አትበል።