ተሰብሮ በመጣ ፕላስቲክ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ወደዚህ ሙያ ስትገቡ አንድ ቀን የተሰበረ ዕቃ እጃችሁ ላይ ይደርሳል። ክዳን ይሆናል፣ የማርሽ ጥርስ ይሆናል፣ የቱቦ መገጣጠሚያ ይሆናል። ይዞት የመጣው ሰው ተቆጥቷል፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ለምን ተሰበረ?» በዚያች ሰዓት ምላስ ላይ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ጥሬ ዕቃው ጥሩ አልነበረም» የሚል ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ያ መልስ ስንት ዓመት ከመማር እንዳገደኝ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

በወጣትነቴ በሌሊት ፈረቃ የኢንጀክሽን ማሽን ላይ እሠራ ነበር፤ ፕላስቲክ አቅልጦ ሞልድ ወደምንለው የቅርጽ ማውጫ የሚገፋ ማሽን ነው። ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ፕላስቲክ የምናወጣው አንድ ግልጽ የመሣሪያ ሽፋን ነበር፤ አራቱም ማዕዘኑ ላይ በብሎን የሚታሰር። ከሞልዱ ሲወጣ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ልኩን ለካን፣ ትክክል ነበር፤ አስረከብን። ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቶን ካርቶን ሆኖ ተመለሰልን። የተሰነጠቀው ሁሉ በብሎን ቀዳዳው ዙሪያ ነው፤ ስንጥቁ ከቀዳዳው ጠርዝ ተነሥቶ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወደ ውጭ ይሄዳል።

እኔ ጥሬ ዕቃውን ከሰስኩ። አለቃዬ ግን መልስ አልሰጠኝም። ሽፋኖቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የተመረቱበትን ቀን እያየ ለየብቻ ደረደራቸው። ክፉኛ የተሰነጠቁት የአንድ ሌሊት ምርት ሆነው ተገኙ። ጥሬ ዕቃው ከመቅለጡ በፊት ስንት ሰዓት እንደደረቀ የምንጽፍበትን የዚያን ሌሊት የማድረቂያ መዝገብ አወጣ፤ «4 ሰዓት» ይላል። ከዚያ አንዱን ሽፋን አስፈጭቶ፣ ከዚያው ከረጢት የተረፈውን ያልተነካ ጥሬ ዕቃም ጨምሮ ወደ ላቦራቶሪ ወሰደን። የፍሰት መለኪያው ቀላል መሣሪያ ነው፦ ፕላስቲኩን 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያቀልጠዋል፣ 1.2 ኪሎ ግራም ክብደት ይጭንበታል፣ በትንሽ ቀዳዳ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደወጣ ይመዘናል። ጥሬ ዕቃው በወፍራሙ ቀስ እያለ ወረደ። የእኛ ሽፋን ግን ቀጥኖ ፈሰሰ። አለቃዬ ዞር ብሎ አየኝና «በእውነት ስንት ሰዓት ደረቀ?» አለኝ።

አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ጥሬ ዕቃው የሚገባበት ሆፐር መሃል ላይ ባዶ ሆኖብን፣ አዲስ ከረጢት ገልብጠን፣ ማሽኑ እንዳይቆም ብለን ቀጥለናል። መዝገቡን ደግሞ ፈረቃው ሲጀመር አስቀድሜ ሞልቼው ነበር፤ ሁላችንም እንደዚያ እናደርግ ነበር። በእጄ የጻፍኩት ቁጥር ነው። ያን ቀን የተሰማኝ እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አንድ ሰዓትና አራት ሰዓት ለምን ይህን ያህል እንደሚለያዩ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ፕላስቲክ እንደ ሰንሰለት እጅግ ረጃጅም የሆኑ ሞለኪውሎች የተጠላለፉበት ነገር ነው፤ ፖሊመር የምንለውም ይህንኑ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ስታውዲንገር በ1920 ይህን ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙ የዘመኑ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም፤ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1953 ነው። ጥንካሬው የሚመጣው ከርዝመቱና ከመጠላለፉ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለፖሊመር የተነገረ ያህል ይስማማዋል፤ ድሩ ካጠረ ግን የሚያብርበት ነገር የለውም፣ አንዱ ከሌላው ላይ ሾልኮ ይወጣል።

ፖሊካርቦኔት፣ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲና ናይለን ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ። ከረጢቱ ተከፍቶ ካደረ ጥሬ ዕቃው ሲነካ ደረቅ ነው፣ ውስጡ ግን ውሃ አለ። ያ ውሃ በማሽኑ በርሜል ውስጥ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ረጅሙን ሰንሰለት ከመሃሉ ይቆርጠዋል፤ ሃይድሮሊሲስ የምንለው ይህንን ነው። ሽፋናችን በፍሰት መለኪያው ላይ ቀጥኖ የፈሰሰውም ሰንሰለቱ ስላጠረ ነበር። ለዚህ ነው ፖሊካርቦኔት በ120 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ደርቆ እርጥበቱ ከ0.02 በመቶ በታች መውረድ ያለበት። አንዳንዴ በዕቃው ገጽ ላይ ብርማ ጭረት ታዩና እርጥበት እንዳለ ትነቃላችሁ። አንዳንዴ ግን ምንም ምልክት የለም። ዕቃው ያምራል፣ ልኩ ትክክል ነው፣ ሰንሰለቱ ግን አጥሯል። በዓይንና በልክ መለኪያው ካሊፐር ብቻ የሚፈትሽ ሰው ይህን አያገኘውም። የቆረጥነውን ሰንሰለት ደግሞ መልሶ ማድረቅ አይቀጥለውም።

ሆኖም ታሪኩ እዚህ አላበቃም። በሌሎች ሌሊቶች በደንብ ከደረቁት መሃልም ጥቂት የተሰነጠቁ ነበሩ። አለቃዬ ወደ ደንበኛው ሄዶ ሽፋኑ ሲገጠም ቆሞ ተመለከተ። ገጣሚው እያንዳንዱን ብሎን ከማስገባቱ በፊት እንዳይላላ የሚያደርግ ፈሳሽ ማጣበቂያ ጠብ ያደርግበታል። ብረትን ከብረት ለማሰር የተሠራ ጥሩ ነገር ነው። ለፖሊካርቦኔት ግን ጠላቱ ነው።

ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈሳሹ ፕላስቲኩን አያቀልጠውም። ሳይወጠር ፈሳሹ ውስጥ ብትነክሩት ለረጅም ጊዜ ምንም ላይሆን ይችላል። ብሎኑ ሲጠብቅ ግን በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ይወጠራል፤ ፈሳሹ በተወጠረው ቦታ ሰርጎ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የተያያዙበትን ያላላዋል፤ ቀስ እያለ ስንጥቅ ይከፈታል። ውጥረቱ ብቻውን አይሰብረውም፣ ፈሳሹም ብቻውን አይሰብረውም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ሰንሰለቱ ቀድሞ ያጠረ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አይፈጅም። የእኔ ሌሊት ሽፋኖች ከሁሉ ቀድመው የተሰነጠቁት ለዚህ ነበር። ኤቢኤስ የሚባለውን ፕላስቲክ ዘይት፣ የተወጠረ ፖሊኢትሊንን ሳሙና እንኳ በዚሁ መንገድ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ዕቃው በምን እንደሚጸዳ፣ ምን እንደሚቀባ፣ ከየትኛው የጎማ ማሸጊያ ጋር እንደሚነካካ ጠይቁ። ደንበኛው «ምንም አይነካውም» ሲላችሁ ሄዳችሁ እዩ። ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ማጽጃውንና ቅባቱን ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ነው።

ውጥረቱስ ከየት ይመጣል? ከብሎኑ ብቻ አይደለም። ትኩሱ ፕላስቲክ በቀዝቃዛው ሞልድ ውስጥ ሲረጋ ቆዳው ቀድሞ ይጠነክራል፣ መሃሉ ኋላ ይሰበሰባል፤ በመካከላቸው የቀረው መሳሳብ ዕቃው ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ወፍራምና ቀጭን ግድግዳ የተጎራበቱበት ቦታ ይብሳል። ሞልድ የምትነድፉ ልጆች ደግሞ የውስጥ ጥግን ሹል አድርጋችሁ አትተዉት። ሹል ጥግ ኃይሉን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። ከግድግዳው ውፍረት ግማሽ ያህል ክብነት ብትሰጡት ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚጨምር ስታዩ ትገረማላችሁ። በእድሜዬ ካየሁት ስብራት ውስጥ በአንድ ትንሽ ክብነት ሊድን ይችል የነበረው ልቤን ያቃጥለዋል፤ ምክንያቱም ክብነቱ በሥዕሉ ላይ አንዲት መስመር ነበር የሚጠይቀው።

ቀዳዳ ያለበት ዕቃ ሲሞላ የቀለጠው ፕላስቲክ ቀዳዳውን ከሁለት ወገን ዞሮ ከኋላው ይገናኛል። ሁለቱ ግንባሮች በደንብ ካልተዋሃዱ መገናኛው ላይ ደካማ መስመር ይቀራል። በመስታወት ክር የተጠናከረ ዕቃ ላይ ይህ መስመር ይበልጥ ያስፈራል፤ ክሮቹ መስመሩን ተሻግረው አያስሩትም፣ በጎኑ ተጋድመው ይቀራሉ። የፕላስቲኩን መግቢያ ቦታ ስትመርጡ ያ መስመር ብዙ ኃይል የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዳይወድቅ አስቡበት።

ስለ ተፈጨ ትርፍራፊም አንድ ነገር። መልሶ መጠቀሙ ጥፋት አይደለም፤ ብክነትን የሚጠላ ሰው ያደርገዋል። ግን እያንዳንዱ ዙር ሙቀት ሰንሰለቱን በጥቂቱ ያሳጥረዋል፣ መከላከያ ቅመሙንም ይበላል። ስንት እጅ እንደተቀላቀለና ስንተኛ ዙሩ እንደሆነ ካላወቃችሁ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ አታውቁም።

የመከላከያ ቅመሙን ነገር ላስረዳችሁ። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ብቻውን ቢተው ሙቀትና ኦክስጅን ቶሎ ተሰባሪ ያደርጉታል። ስለዚህ ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከል አንቲኦክሲዳንት ይጨመርለታል። ይህ ቅመም ለረጅም መንገድ እንደተያዘ ስንቅ ነው፤ እስካለ ድረስ ዕቃው ምንም የሆነ አይመስልም፣ ሲያልቅ ግን መበላሸቱ በአንድ ጊዜ ይፋጠናል። «ትናንት ደህና ነበር» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ስንቁ ግን ለዓመታት ሲያልቅ ነበር። መዳብ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ሲነካካ ይህን በኦክስጅን መበላሸት (ኦክሲዴሽን) ያፋጥነዋል፤ በውስጡ የመዳብ ወይም የነሐስ ማስገቢያ ያለበት ዕቃ ስትሠሩ ለዚያ የተዘጋጀ ዓይነት ጠይቁ።

ፀሐይም እንዲሁ። የማይታየው የአልትራቫዮሌት ጨረር ከላይኛው ቆዳ ጀምሮ ሰንሰለቱን ይበጣጥሳል። ቆዳው ይነጣል፣ በጣት ሲታሽ እንደ ኖራ ዱቄት ይለቃል፣ ጥቃቅን ስንጥቆች ይወጡበታል። ውስጡ ገና ጤነኛ ነው፤ ሆኖም ዕቃው ሲታጠፍ ከቆዳው የተነሣው ስንጥቅ ወደ ጤነኛው ይገባል። ከቤት ውጭ የሚቀበሩና የሚዘረጉ የፖሊኢትሊን ቱቦዎች ጥቁር የሆኑት ለውበት አይደለም፤ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የካርቦን ጥቀርሻ በደንብ ተበትኖ ሲገባባቸው ጨረሩን ከላይ ያስቀረዋል።

ከብረት ሥራ ለምትመጡ ደግሞ፦ ብረት ዛሬ የተሸከመውን ነገም ይሸከመዋል ብላችሁ ታስባላችሁ። ፕላስቲክ እንደዚያ አይደለም። የማይለወጥ ሸክም ከተጫነበት በቀን ብርሃን፣ በተራ ሙቀት፣ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይለጠጣል። በመጎተቻ ማሽን ላይ በአንድ ደቂቃ ፈተና ያለፈ ዕቃ ከዚያ ባነሰ ሸክም ከወራት በኋላ ሊሰበር ይችላል። ቅዝቃዜም ጠባዩን ይለውጠዋል፤ ተራው ፖሊፕሮፒሊን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በምት ይሰባበራል። ናይለን ደግሞ ተቃራኒ ነገር አለው፦ ከማሽን ወዲያው ሲወጣ ደረቅና ተሰባሪ ነው፣ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ነው የሚለዝበው። በማቅለጥ ጊዜ የሚጎዳው ውሃ ከተሠራ በኋላ ይጠቅመዋል።

ማሽን ላይ ለቆማችሁ፣ በተለይ በሌሊት፦ ማድረቂያው ሰዓቱን ካልጨረሰ ማሽኑን አቁሙ። የሚቆጣ አለቃ ይኖራል፤ ይቆጣ። መዝገቡ ላይ የሆነውን ጻፉ። «1 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሌሊት ምርት ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ የማንም ደጅ አይደርስም ነበር። እናንተ ኃላፊዎች የሆናችሁ ደግሞ ምርት ቆመ ብላችሁ የምትጮኹበት ሠራተኛ ነገ የሐሰት ቁጥር እንደሚሞላላችሁ እወቁ።

የተሰበረ ዕቃ ሲመጣላችሁ ደግሞ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ሁለቱን ስባሪ ወስዶ ገጥሞ ማየት የሁሉም ሰው ልማድ ነው፤ አታድርጉት። ስብራቱ የተጀመረበት ቦታ፣ ስንጥቁ እየቆመና እየቀጠለ የሄደባቸው ስስ መስመሮች፣ እዚያ የቀረው የዘይት ወይም የማጣበቂያ ቅሪት ሁሉ ያለው በዚያ ገጽ ላይ ነው፤ ስትገጥሙት ትፈጩታላችሁ። አታጥቡት፣ በጣት አትንኩት። እያንዳንዱን ስባሪ በየራሱ ንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉ፣ በየራሱ ከረጢት ውስጥ አድርጉ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተሰበረና በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ከላዩ ጻፉ። ያልተሰበረ ከዚያው ቀን ምርት ካለም አንድ ጨምሩበት። ከዚያ በኋላ ማጉያውን አንሡ።